በሰይፉ ላይ ያለችው ጭጋግ

ፎቶ ቤት የገባሁት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ዲላ ላይ የመምህራንና የጤና ኮሌጁ የተከፈተበት ዓመት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ተማሪው ከየአገሩ መጥቶ መናኸሪያ ይወርዳል፣ መታወቂያ ያስፈልገዋል፣ መታወቂያው ደግሞ ጉርድ ፎቶ ይጠይቃል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አሠሪዬ ከፊት ለፊቱ ክፍል ያነሳሉ፣ እኔ ከኋላ ጨለማ ክፍል አጥባለሁ።

ጨለማ ክፍል ይባል እንጂ አንዲት ቀይ አምፖል ነበረችው። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይሰማውም። በዚያች አምፖል ሥር ነጩን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነክሬ፣ ሳህኑን ቀስ አድርጌ እያነቃነቅኩ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ፀጉር ይወጣል፣ ከዚያ ቅንድብና የዓይን ብሌን፤ ፊት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በምዝገባ ሰሞን በቀን ከመቶ በላይ ፊት አወጣ ነበር፣ አንድም ቀን አልሰለቸኝም። ጋሼ ደጋግመው የሚሉኝ ነገር ነበር፦ «ምስሉን ብርሃኑ ሠርቶት ሄዷል፤ አንተ መውጣቱን ጠብቅ።»

ያንን የመውጣት ነገር ዳግመኛ ያየሁት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በላፕቶፕ ላይ ነው። በጥር ወር ከከተማ ወጣ ብዬ ሰማይ ላይ ያነሳኋቸውን 180 ፎቶዎች ኮምፒውተሩ አንዱን በአንዱ ላይ ሲደርባቸው፣ ከጥቁሩ መሐል እንደ ተዘረጋ ክንፍ ያለ ጭጋግ ብቅ አለ። የኦሪዮን ኔቡላ ነበር። እጄን ሳህኑ ላይ እንዳለ ሁሉ ማነቃነቅ አማረኝ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ የዚህን ፎቶ ታሪክ ስፈልግ ከርሜአለሁ። ኔቡላ ማንሳት በሚሊዮን ዶላር የሚሠራ ተቋም ሥራ ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ስከተል ግን ያገኘኋቸው ሰዎች ሐኪም፣ የቧንቧ መሐንዲስና እንደ እኔ ከልጅነቱ ፎቶ ቤት ያደገ ሠራተኛ ናቸው። ጭጋጓ ያለችበትን ሰማይ በዓይን መከታተል ደግሞ ከዲላ በስተደቡብም በስተሰሜንም ያሉ ጎረቤቶቻችን ካሜራ ሳይመጣ በፊት የያዙት ሥራ ነው።

መጀመሪያ የት እንዳለች ላመልክት። በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ ይርቀናል። ጉም ያልወጣበት ምሽት ከተገኘ፣ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቀና ማለት ይበቃል። ዲላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከአናታችን ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል። በአንድ መስመር የተደረደሩት ሦስት ደማቅ ከዋክብት ቀበቶው ናቸው። ከቀበቶው ሥር የሚንጠለጠሉት ደብዘዝ ያሉ ነጥቦች ሰይፉ ናቸው። ኦሪዮን የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መጽሐፈ ኢዮብንና ትንቢተ አሞጽን ያነበበ ያውቀዋል። ከሰይፉ መካከል ያለችውን አተኩሮ ላያት፣ መስታወት ላይ የተነፈሱባት ይመስል ዙሪያዋ ይደበዝዛል። ያ ድብዘዛ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው፤ ኔቡላ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ብርሃን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ለመድረስ 24 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ተነስቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ 1,300 ዓመት ያህል ይጓዛል።

1,300 ዓመት ስል ትዝ የሚሉኝ ትክል ድንጋዮቻችን ናቸው። በዞናችን በጌዴኦ፣ ሳካሮ ሶዶ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ እዚያ ያሉት ድንጋዮች የቆሙት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ መሆኑን በካርቦን ልኬት አሳይቷል። ከዚያ በፊት ይገመት ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄዱ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሌንሴ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከኔቡላዋ ሲነሳ፣ የሳካሮ ሶዶ ድንጋዮች ከቆሙ ስድስት መቶ ዓመት አልፏቸው ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ እኔ የሠርግ ፎቶ ሳነሳ ውዬ ዜናውን በሬዲዮ ሰማሁት። ያን ማታ ሳልተኛ ሰማይ ሳይ አመሸሁ።

ጭጋጓን በቴሌስኮፕ አይቶ በመጀመሪያ የመዘገባት ኒኮላ ክሎድ ፋብሪ ደ ፔረስክ የተባለ የፈረንሳይ የሕግ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1610። ጋሊሊዮ በቴሌስኮፕ ያየውን ካሳተመ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ይህን ሰው የምወደው በሌላም ምክንያት ነው። በኋለኛ ዘመኑ መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ለማስመጣት ብዙ ደክሟል። ሄኖክ ሙሉውን ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ፔረስክ ሄኖክ ነው ብሎ አምኖ አንድ የግእዝ ብራና ገዛ፤ ብራናው ሌላ መጽሐፍ መሆኑን ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የለየው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። የፈለገው መጽሐፍ ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፉ የሰማይ ብርሃናት መጽሐፍ ነው፦ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በሮች፣ የምትገባባቸው ስድስት በሮች፣ የጨረቃ ሙላትና ጉድለት፣ 364 ቀን ያለው ዓመት። የኦሪዮንን ኔቡላ ያየው ሰውና የእኛን የሰማይ መጽሐፍ የተመኘው ሰው አንድ መሆናቸውን ያወቅኩ ቀን ለብዙ ደንበኛ ነግሬአለሁ። አንዳንዱ ፎቶውን ተቀብሎ እስኪሄድ ቸኩሎ ነበር፤ ነገርኩት።

መጽሐፉን በመጨረሻ አውሮፓ ያደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን ሲቆይ ቴሌስኮፕና የማዕዘን መለኪያ ተሸክሞ ነበር፤ የጎንደርንም አቀማመጥ በሰማይ አካላት ለክቷል። ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በዓይንና በእርሳስ ነው። ጭጋጓን ያዩ ሰዎች ያዩትን ይስሉ ነበር፣ የሁለት ሰዎች ሥዕል ግን አይገጥምም። አንዱ ክንፏን ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል፤ በእርግጥ ትለወጣለች ወይስ የሰዓሊው እጅ ነው የሚለየው የሚለውን ማንም ሊፈርድ አልቻለም። ፎቶ የገባው ይህን ክርክር ሊፈርድ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880 ሄንሪ ድሬፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኒውዮርክ አቅራቢያ ከግቢው በተከለው ቴሌስኮፕ ላይ የመስታወት ፕሌት አስገባ፣ ሻተሩን ከፍቶ 51 ደቂቃ ጠበቀ። ይህ የማንኛውም ኔቡላ የመጀመሪያ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው 51 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ሻተር የምንከፍተው ለአንድ ሰከንድ ክፋይ ነው፤ ሙሽራው ዓይኑን ጨፈነ ብለን የምንደግመው በዚያችው ክፋይ ነው። ምድር ደግሞ አትቆምም። ቴሌስኮፑን በሰዓት ሞተር ከሰማዩ ጋር እኩል ማዞር ካልተቻለ እያንዳንዷ ኮከብ ጭረት ትሆናለች። የድሬፐር ባለቤት አና የሥራው ረዳት ነበረች። ድሬፐር ከሁለት ዓመት በኋላ በ45 ዓመቱ ሞተ፤ አና ገንዘቧን ለሃርቫርድ ሰጥታ ሥራው እንዲቀጥል አደረገች። እዚያው ሃርቫርድ ቀድሞ የቤት ሠራተኛ የነበረችው ዊልያሚና ፍሌሚንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 በተነሳ ፕሌት ላይ በዚያው በኦሪዮን ውስጥ የፈረስ ራስ የመሰለውን ጥቁር ደመና አገኘች።

በ1883 እንግሊዛዊው አንድሩ አይንስሊ ኮመን ከድሬፐር የበለጠ ሄደ። የሙያው ነገር የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ምህንድስና ነው፤ ለንደን አጠገብ ከቤቱ ጓሮ 36 ኢንች መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ነበረው። የእሱ ፎቶ ላይ በቴሌስኮፑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ከዋክብት ወጡ። ካሜራ ዓይንን ያለፈበት ቀን ይህ ነው። የእንግሊዝ ሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲም በቀጣዩ ዓመት የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው።

በእነዚያ ፕሌቶች ነገር አንድ ቆም የሚያደርገኝ ጉዳይ አለ። የዘመኑ ፕሌት እንደ እኛ ወረቀት ቀይ አያይም ነበር። በጨለማ ክፍሌ በቀይ አምፖል እንድሠራ የፈቀደልኝ ዕውርነት እነሱንም ይዟቸዋል ማለት ነው። የኔቡላ ዋናው ብርሃን ደግሞ ቀይ ነው፤ የጋለ ሃይድሮጅን የሚረጨው፣ 656 ናኖሜትር ላይ ያለው ቀለም። ድሬፐርና ኮመን የያዙት ሰማያዊውንና ወይን ጠጁን ብቻ ነበር። ሲሶውን ፊት ብቻ አጥቦ እንደማውጣት ነው።

አሁን ወደ ፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ልምጣ፤ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ። እ.ኤ.አ. በ1857 ናሽቪል ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የሞቱት እሱ ሳይወለድ ነው። እናቱ ልታሳድገው ስላልቻለች በዘጠኝ ዓመቱ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ይህ ነበር፦ ፎቶ ቤቱ ጣሪያ ላይ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ የሚያጎላ ትልቅ መሣሪያ አለ፤ ፀሐይዋ ስትሄድ መሣሪያውን በእጁ እያዞረ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ማቆየት። ከእሱ በፊት የተቀጠሩ ልጆች እንቅልፍ ይዟቸው እየሄደ ተባረዋል። ይህ ልጅ ግን አልተኛም። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል እዚያው ፎቶ ቤት ሠራ። ከዓመት ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ የሚሆን 380 ዶላር አውጥቶ ባለ 5 ኢንች ቴሌስኮፕ ገዛ፤ ባለ ጅራት ኮከብ እያደነ ባገኘው ሽልማት ቤት ሠራ።

በ1888 ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ወዳለው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ተቀጥሮ ገባ። እዚያ የዓለም ትልቁ የሌንስ ቴሌስኮፕ ነበር። ባርናርድ ፍኖተ ሐሊብን፣ ሰማዩን የሚያቋርጠውን የከዋክብት ጎዳና፣ ለማንሳት የተጠቀመው ግን ከሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ ቤት የተገዛ አሮጌ የፖርትሬት ሌንስ ነው። 6 ኢንች ስፋት አለው፣ የሰው ፊት ሲያነሳ ነው የኖረው። የፖርትሬት ሌንስ ብርሃን በብዛት ያስገባል፣ ሰፊ ቦታም ይይዛል፤ ለኔቡላ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። በትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ማየት በጠባብ ቀዳዳ እንደማየት ነው። በ1889 ያን ሌንስ ከእንጨት ሳጥን ጋር አስሮ፣ በጎኑ ባለ ትንሽ ቴሌስኮፕ አንዲት ኮከብ ሽቦ መስቀል ላይ ይዞ፣ ለሰዓታት በእጁ እያስተካከለ የፍኖተ ሐሊብን ደመናዎች አወጣ። ጣሪያ ላይ ፀሐይን ሲከተል ያደገ ልጅ ነው፤ ኮከብ መከተል ከበደው ብዬ አላስብም።

ያረፈው በ1923 ነው። የፍኖተ ሐሊብ አትላሱ የታተመው በ1927 ሲሆን፣ በማተሚያ ቤት ቀለም አልታመነም። 700 ቅጂ፣ በእያንዳንዱ 51 ፎቶ፣ ሁሉም በፎቶ ወረቀት ታጥቦ የወጣ፤ በድምሩ 35,700 ፎቶ። እያንዳንዱን ከማረፉ በፊት በዓይኑ አይቶ አሳልፏል። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ። ጥግ ላይ ትንሽ የጠቆረች ጉርድ ፎቶ ለተማሪ አልሰጥም ብለው እንደገና ያሳጥቡኝ የነበሩ ሰው ናቸው።

የአገራችንም የፎቶ ታሪክ የፎቶ ቤት ታሪክ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 እ.ኤ.አ. መጥተው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፣ ልጆቻቸውም ሙያውን ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የተከፈተው ፎቶ ቤት ሲያነሳ የኖረው ሰው ነው። ሰማዩ የሌላ ሰው ሥራ ነበር።

የማን? ይህን የተማርኩት ይርጋጨፌ አጠገብ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ነው። ታኅሣሥ ላይ ለደንበኛ የቡና አልጋዎቹን ላነሳ ሄጄ አመሸሁ። ቀኑን ሙሉ ሲገላበጥ የዋለው ጀንፈል ለማታ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ዘበኛው አባት ከአልጋዎቹ መሐል እሳት አንድደው ተቀምጠዋል። ካሜራዬን ወደ ላይ ማዞሬን አይተው የምን ፎቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከቦረና በኩል የመጡ ሰው ናቸው። በያዙት ዱላ ወደ ሰባቱ ከዋክብት እያመለከቱ፣ «ይኼ ቡሳን ነው፤ ልጄ፣ አዲስ ጨረቃ ከእሱ ጋር ስትወጣ ወር ይገባል» አሉኝ። ከዚያ ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ላይ ቆመ። ከሦስተኛው ቦታ የኔዋ ጭጋግ ነበረች።

ቤት ስገባ ፈልጌ አነበብኩ። የቦረና የዘመን አቆጣጠር በጨረቃና በከዋክብት ላይ የቆመ ነው፤ ፀሐይን አይከተልም። ዓመቱ 12 ወርና 354 ቀን አለው። ቀኖቹ 27 ስሞች ስላሏቸው ሳምንት የሚባል ነገር የለም። ይህን በዝርዝር ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ አስመሮም ለገሠ ናቸው፤ ስለ ገዳ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። አያንቱ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች የሚከተሏቸው ሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ናቸው፦ ላሚ፣ ቡሳን፣ በከልቻ፣ አልጋጂማ፣ አርብ ጋዱ፣ ኡርጂ ዋላ፣ ባሳ። ሳይንሱ በሚጠራቸው ስም ቡሳን ሰባቱ ከዋክብት ናቸው፣ በከልቻ አልደባራን ነው፣ ባሳ ሲሪየስ። አርብ ጋዱ ደግሞ የኦሪዮን መሐል ነው፤ ቀበቶውና ሰይፉ። በሌላ አነጋገር ድሬፐር 51 ደቂቃ የጠበቃት ጭጋግ፣ ከዲላ በስተደቡብ ባለው አገር የወር መግቢያ ምልክት ውስጥ ያለች ናት።

በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ናሞራቱንጋ የቆሙ ድንጋዮች ወደ እነዚሁ ከዋክብት የተደረደሩ ናቸው የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ልኬቱን ተከራክረውበታል። እኔ ከድንጋዩ ይልቅ በሕይወት ያለውን ሰው አምናለሁ። በሰሜን በኩል ያሉት ሲዳማ ጎረቤቶቻችንም የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚቆርጡት አያንቶዎቻቸው ሰማይ አይተው ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይህም አብሮ ተጽፏል።

ስለ መሣሪያዬ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያፈገፍገው እዚህ ላይ ነው። ካሜራዬ ለሠርግ የምይዘው ካኖን 600ዲ ነው፣ ሌንሱም ለጉርድ ፎቶ የሚሆነው ባለ 50 ሚሊ ሜትር። እንደ ባርናርድ በፖርትሬት ሌንስ ነው የጀመርኩት። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ዝም ብሎ ከቆመ በዚህ ሌንስ ከ6 ሰከንድ በላይ መክፈት አይቻልም፤ ኮከቧ ትጎተታለች። 6 ሰከንድ ደግሞ ለኔቡላ ኢምንት ነው። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ 180 ጊዜ ማንሳትና በነፃ የሚገኝ ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባል ሶፍትዌር መደረብ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያለው ኖይዝ ቦታውን ይቀያይራል፣ ኔቡላዋ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። መቶ ፎቶ ሲደረብ ምስሉ ከአንዱ ፎቶ አሥር እጥፍ ይጠራል። መጀመሪያ የወጣሁበት ሌሊት 300 ፎቶ አንስቼ አንዱም አልሆነም። ሌንሱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ምልክት አምኜ ፎከሱን እሱ ላይ አድርጌ ነበር፤ ትክክለኛው ፎከስ ግን ከምልክቱ ትንሽ መለስ ይላል። አሁን ደማቅ ኮከብ በካሜራው ስክሪን አሥር እጥፍ አጉልቼ፣ የመርፌ ጫፍ እስክታክል አጠባታለሁ።

ሰማይ የሚከተለው ማሽን ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋውን አልቻልኩትም። ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ሄግ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመውን ብልሃት ግን ዲላ ያለ አናጢ በአንድ ቀን ሠራልኝ። ሁለት የዋንዛ ጣውላ ነው፤ በአንድ ጫፋቸው በበር ማጠፊያ ተያይዘዋል። የታችኛው ትራይፖዱ ላይ ይታሰራል፣ የላይኛው ካሜራውን ይሸከማል። በመካከላቸው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይገባል፤ ጥርሱ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ነው። ቡሎኑን ከማጠፊያው 22.9 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተክሎ በደቂቃ አንድ ጊዜ ማዞር፣ ጣውላውን ልክ በምድር ፍጥነት ይከፍተዋል። የእጅ ሰዓቴን በቀይ ባትሪ እያየሁ በየ15 ሰከንዱ ሩብ ዙር አዞራለሁ። ቀይ ባትሪ የያዝኩት ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደን ዓይን ስለማይጎዳ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና በቀይ መብራት ሥር እሠራለሁ።

ችግሩ ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር ያለበት መሆኑ ነው። ለንደን ያለ ሰው ይህ ቀላል ነው፣ ኮከቡ ከአድማስ 51 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ከዲላ ከፍታው 6 ዲግሪ ነው፤ የእንሰት ቅጠል ይሸፍነዋል። እኔ ማጠፊያውን በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዞርና በስልኬ ልኬት 6 ዲግሪ ብቻ ቀና አደርገዋለሁ፤ ጣውላው የተኛ ሊመስል ምንም አይቀረው። ከዚያ በሌንሱ አንዲት ኮከብ ይዤ፣ ወዴት እንደምትሸሽ አይቼ አስተካክላለሁ። በምላሹ ያለንበት ቦታ ለንደን የማያየውን ሰማይ ይሰጠናል። የደቡቡ የካሪና ኔቡላ ከዲላ አድማስ 24 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ለንደን ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አያያትም።

የኔቡላዋ ቀይ አሁንም በብዛት ይጠፋብኛል። ካሜራዎቻችን የሰው ቆዳ በተፈጥሮ ቀለሙ እንዲወጣ ተብለው፣ ፊልሙን በተካው ሴንሰር ፊት ቀዩን የሚቀንስ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያውን የሚያወልቁ አሉ፤ እኔ ግን በማግስቱ ሠርግ አለብኝ።

በአገር ደረጃ ሥራው የተደራጀው በቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ቦታው ከአዲስ አበባ መብራት አጠገብ ስለሆነ፣ ለወደፊቱ ከከተማ ብርሃን የራቀው የላሊበላ ተራራ ታስቧል። እኔ ጨለማ ሀብት ነው ባይ ነኝ። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣውን መንገድ ግማሽ ሰዓት የሄደ ሰው፣ ብዙ አገር በገንዘብ የማይመልሰውን ሰማይ ያገኛል። ከተማችን አዲስ የመንገድ መብራት በምትተክልበት ጊዜ ሁሉ ቆቡ ወደ መሬት የሚያበራ ቢሆን፣ መንገዱም ይደምቃል ሰማዩም ይተርፋል።

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት በየአገሩ የተሰየሙ ከዋክብትን ስም ይፋ ሲያደርግ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና» ተባለች፣ በዙሪያዋ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል»። ኮከቧ ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች፤ በዓይን አትታይም፣ በእኔ ሌንስ ግን በ6 ሰከንድ ትወጣለች። ይርጋጨፌ የቡና አልጋዎች መሐል ቆሜ አንስቻታለሁ። ከሠርግ ፎቶዎች መሐል ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፤ ነጥብ ናት፣ በቀስት አመልክቻታለሁ።

ቀጥሎ ያሰብኩትን ልናገርና ላብቃ። የኦሪዮንን፣ የሰባቱን ከዋክብትና የደቡቡን ሰማይ ፎቶ በትልቅ ወረቀት አትሜአለሁ። ወረቀቱን አዛውንቶች ፊት ዘርግቼ፣ የሚያውቁትን ኮከብ በጣታቸው እንዲያሳዩኝና በሚጠሩበት ስም እንድጽፈው ነው። በጌዴኦኛ፣ በሲዳምኛ፣ በቦረና፣ በጉጂ። በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በቡሌና በኮቸሬ ያላችሁ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሰማይ የሚያነብ አባት ወይም እናት ካሉ እባካችሁ አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ስሙንም ጻፉ። ፎቶውን የሚፈልግ ፎቶ ቤቴ ይምጣ፤ በነፃ አትሜ እሰጠዋለሁ።